ልቡ ከየት መጣ?

«ጆን ኪው»ን ያላየ የእኔ ዕድሜ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በ2002 የወጣ ፊልም ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሙሉውን ባታዩት እንኳ ቁራጩ ስልካችሁ ላይ ሳያልፍ አይቀርም፤ ዴንዘል ዋሽንግተን ሽጉጥ ይዞ፣ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ዘግቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ትንሹ ልጁ ማይክ ቤዝቦል ሲጫወት ሜዳ ላይ ይወድቃል። ሐኪሞቹ ልቡ ከመጠን በላይ ማበጡን ይነግሩታል፤ የሚያድነው የሌላ ሰው ልብ ብቻ ነው። ዋጋው 250 ሺህ ዶላር። የልጁ ስም ተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ላይ እንዲገባ ብቻ 75 ሺህ ዶላር ቅድሚያ ይጠየቃል። አባት ያለውን ይሸጣል፣ ይለምናል፣ አይሞላለትም። ሆስፒታሉ ልጁን ወደ ቤት ሊመልሰው ሲል አባት ሽጉጡን ያወጣል።

ዶርም ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን ስናየው ያላለቀሰ ልጅ አልነበረም። ሰሞኑን ደግሜ ያየሁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሬቸል ክላርክ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በ2024 ያሳተመችውን «የአንድ ልብ ታሪክ» የሚል መጽሐፍ አንብቤ ስጨርስ፣ የድሮው ፊልም ላይ አንድ የሚቆረቁር ነገር ታየኝ። መጽሐፉ በ2025 በእንግሊዝ የሴቶች ሽልማት የኢ-ልብ ወለድ ዘርፍ አሸንፏል። ሁለቱም ሥራዎች ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ልቡ ስለደከመ ልጅና እሱን ስለሚያድነው የሌላ ሰው ልብ። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ላይ ይለያያሉ። ልቡ ከየት መጣ? ፊልሙ ከዚህ ጥያቄ ይሸሻል። መጽሐፉ ቁጭ ብሎ ይመልሰዋል። እኔ የምለው በአጭሩ ይህ ነው፤ «ጆን ኪው» ስለ ገንዘቡ እውነቱን የሚናገር፣ ስለ ልቡ ግን የሚዋሽ ፊልም ነው። ውሸቱ ደግሞ ቀላል አይደለም።

የገንዘቡ ነገር

መጀመሪያ ለፊልሙ የሚገባውን ልስጠው። የዳይሬክተሩ የኒክ ካሳቬቲስ ቁጣ ከምንም የመጣ አይደለም። ጆን ፋብሪካ ውስጥ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ነው። የሥራ ሰዓቱ ሲቀነስ የጤና ኢንሹራንሱም አብሮ ወደ ርካሹ ዓይነት ወርዷል፤ ይህን የሚያውቀው ግን ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሰው አካል መሸጥና መግዛት ከ1984 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ልቡ ራሱ ዋጋ የለውም። ቀዶ ሕክምናው፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ፣ የዕድሜ ልክ መድኃኒቱ ግን ዋጋ አለው። ስለዚህ ሆስፒታሎች የአንድን ሰው ስም ከማስመዝገባቸው በፊት ደሙን ብቻ ሳይሆን ኪሱንም ይመረምራሉ። ይህን ፊልሙ አልፈጠረውም።

እኛም ዘንድ የገባን በዚህ በኩል ይመስለኛል። ጆንና ሚስቱ ዴኒስ የቤት ዕቃ ሲሸጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲያዋጡላቸው፣ ሳንቲም ሳንቲም ተቆጥሮ ሳይሞላ ሲቀር ለማየት ትርጉም አላስፈለገንም። የታመመ ሕፃን ፎቶ የተለጠፈበት ሣጥን ይዘው መንገድ ላይ የሚቆሙ ወጣቶችን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ከፎቶው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር «ለወገን ደራሽ ወገን ነው»። ጆን ኪው ለእኛ ሽጉጥ የያዘ የሣጥን አዞሪ ነው።

ግን እዚህ ጋ አንድ ልዩነት አለ። ልባቸውን የታመሙ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች የሚያስፈልጋቸው አዲስ ልብ አይደለም። በጊዜው በፔኒሲሊን ሊታከም ይችል የነበረ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልባቸውን በሮች የጎዳባቸው ናቸው፤ ወይም ሲወለዱ ጀምሮ ልባቸው ላይ ክፍተት ያለባቸው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ፣ በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የተከፈተው ማዕከልም፣ የሚደክሙት ይህን ለመጠገን ነው። የልብ ንቅለ ተከላ እዚህ አይሠራም። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ግን ከ2015 ጀምሮ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተሠርቷል፤ የሚሰጡትም በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ለአገር ውስጥ ዜና አይደለም። ኩላሊት የሰጠ ወንድም ከወር በኋላ ቡና ሲጠጣ ታገኙታላችሁ። ለጥገናም ገንዘቡ ከተገኘ፣ ሐኪሙም ከተገኘ፣ ነገሩ ያልቃል። የልብ ንቅለ ተከላ ግን ገንዘቡ ሁሉ ቢሞላም አይጀመርም። አንድ ሰው መሞት አለበት። ተቀባዩ ልጅ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሞተውም ልጅ ነው። «ጆን ኪው» ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ 75 ሺህ ዶላር ሲጮህ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ላለመናገር ነው የሚጮኸው።

መኪናዋ ውስጥ ያለችው ሴት

ፊልሙ እንዴት እንደሚጀምር ታስታውሳላችሁ? ብዙ ሰው ጠይቄ የመለሰልኝ ጥቂት ነው። የሚጀምረው በጆን አይደለም። አንዲት ወጣት ሴት ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ ውድ መኪና ትነዳለች፤ ትቸኩላለች፤ ከፊቷ ያለውን ከባድ መኪና ልትቀድም ስትወጣ ትጋጫለች። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ይረሳታል፤ እኛም እንረሳታለን። መጨረሻው ሲቃረብ ግን የሆነ ቦታ የሆነች ሴት ሞታ፣ ደሟም ከማይክ ደም ጋር ገጥሞ፣ ልቧ ይመጣል። ያኔ ነው «ለካ እሷ ነበረች» የምንለው።

እንደ ተረት አተራረክ ብልሃት ነው፤ አልክድም። ግን ምን እንደተሠራ አስተውሉ። ይህቺ ሴት ስም የላትም። እናቷን አናይም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ያለላትን ሰው አናይም። የምናውቅላት ነገር ቢኖር ውድ መኪና እንዳላትና ጥንቃቄ እንደጎደላት ነው። ፊልሙ በቀስታ «ራሷ ናት ያመጣችው» እያለን ነው። የማናዝንለት ሟች ተመርጦልናል። ጆን አንድም ቀን የማንንም ሞት ሳይመኝ፣ እኛም ሳንመኝ፣ ልቡ ከሰማይ ይወርድለታል። ደግሞ በዚያው ቀን! የሆስፒታሉ ኃላፊ የልጁን ስም ዝርዝሩ ላይ እንዲገባ ፈቀደች፣ ወዲያው ልብ ተገኘ። ዝርዝር ሳይሆን ሳንቲም ሲከቱበት ለስላሳ የሚያወጣ ማሽን ነው የሚመስለው።

ሟቿ ትልቅ ሰው መሆኗም በአጋጣሚ አይደለም። የማይክ ዕድሜ ያለው ሌላ ልጅ፣ ከሌላ የቤዝቦል ሜዳ፣ ሌላ ዴንዘል ዋሽንግተን የሚያለቅስለት ልጅ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ በአንድ ጊዜ ይፈርስ ነበር። ለየትኛው አባት እንጩህ? ደራሲው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል ባይ ነኝ። ስለሚያውቅም ነው በሩን የዘጋው።

የአባት ልብ

የፊልሙ ጫፍ አባት የራሱን ልብ ለልጁ ሊሰጥ ሲወስን ነው። ሽጉጡ እስከዚያ ድረስ ባዶ እንደነበር፣ ያለችው ጥይት አንዲት ብቻ እንደሆነች፣ እሷም ለራሱ እንደተቀመጠች የምናውቀው ያኔ ነው። አባትነት ከዚህ በላይ የት ይደርሳል? አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቀሰ ትዕይንት ነው።

ነገሩን እንደ ማሽን ለማየት የሚቃጣኝ የተማርኩት ትምህርት ይሆናል፤ ግን የልብ ንቅለ ተከላ የመጠን ጉዳይም ነው። ሐኪሞች ከደም ዓይነት ጋር የሰጪውንና የተቀባዩን ክብደት ያስተያያሉ። ለአንድ ትንሽ ልጅ ደረት የትልቅ ሰው ልብ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ቢገባም ደረቱ ሲዘጋ ይታፈናል። እርግጥ ነው፣ እንደ ማይክ ልቡ ያበጠ ልጅ ደረቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ አለ፤ ትንሽ ከፍ ያለ ልብ ሊቀበል ይችላል። የዴንዘልን የሚያክል ሰው ልብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሞች ለሕፃናት ልብ ሲጠብቁ ወር፣ ሁለት ወር፣ ግማሽ ዓመት የሚቆዩት «የሚሰጥ አባት ጠፍቶ» አይደለም። አባቶችማ ሞልተዋል። ደረቱ ግን የአባትን ልብ አይቀበልም።

ሲኒማ ይህን ለምን እንደሚወድ ይገባኛል። በ2008 የወጣው የዊል ስሚዝ «ሰቨን ፓውንድስ»ም እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ራሱን አጥፍቶ ልቡን ለሚወዳት ሴት ይሰጣል። ሁለቱም ፊልሞች ላይ ሰጪው ያውቃል፣ ይመርጣል፣ ለማን እንደሚሰጥም ያውቃል። በእውነተኛው ዓለም ያለ ልብ የሰጠ ልጅ ግን ምንም አልመረጠም። ጠዋት የተነሳው ሊጫወት ነው። የመረጡት ሌሎች ናቸው፤ በሕይወታቸው ክፉ ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ፣ ለማያውቁት ልጅ። መስዋዕትነት የሚለው ቃል ካስፈለገ የእነሱ ነው። ፊልሞቹ ግን ለእነሱ ወንበር አላዘጋጁም።

ገንዘቡ ባይኖርስ?

የክላርክ መጽሐፍ ሳያስበው ለዚህ ክርክር ፈተና ይሆናል። ታሪኩ የተፈጸመው እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ ሕክምናው በመንግሥት የሚሸፈንበት አገር። ማለት «ጆን ኪው»ን ወስዳችሁ፣ የኢንሹራንሱን ሰው ሁሉ አስወጥታችሁ፣ ምን እንደሚቀር ማየት ትችላላችሁ።

ማክስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ጤነኛ የነበረ ልቡ በድንገት አብጦ ይደክማል። ማንም 75 ሺህ አልጠየቀውም፤ ኒውካስል ከተማ ፍሪማን ሆስፒታል ተኝቶ፣ ልቡን በሚያግዝ ፓምፕ እየታገዘ፣ ወራት ይጠብቃል። ገንዘብ ችግር አልሆነበትም፤ ልጁ ግን በዓይን እያየነው ይመነምናል። «ጆን ኪው» ላይ ክፉ ሆኖ የታየው ሁሉ ተነስቶ ዋናው ችግር እዚያው ቁጭ ብሏል።

ኪራ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ዴቨን ውስጥ የምትኖር። በ2017 ክረምት ቤተሰቡ የመኪና አደጋ ይደርስበታል። እናቷና ወንድሟም ቆስለው ሌላ ቦታ ተኝተዋል። የኪራ አእምሮ ግን ከማይመለስበት ደርሷል። እዚህ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ የተንጎራደድኩበት ነገር አለ፤ አካሏ ለሌሎች መሰጠት ይችል እንደሆነ የጠየቁት እህቶቿ ናቸው። ልጆች! ኪራ ብትጠየቅ እሺ እንደምትል አልተጠራጠሩም። አባት ተስማማ። የኪራ አካላት ለአራት ሰዎች ሕይወት ሆኑ፤ ልቧ ወደ ማክስ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሕግ በሁለቱ ልጆች ስም ነው የሚጠራው፤ «የማክስና የኪራ ሕግ»። ከግንቦት 2020 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሰው እምቢ ብሎ ካልተመዘገበ ፈቃደኛ እንደሆነ ይታሰባል። ጥሩ ሕግ ነው። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ፤ ሕጉ የሚመለከተው 18 ዓመት የሞላቸውን ነው። በሁለት የዘጠኝ ዓመት ልጆች ስም የሚጠራ ሕግ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አይሠራም። ልጅ ሲሆን ዛሬም ወላጅ መጠየቅ አለበት፤ አንድ ነርስ ወይም ሐኪም ወንበር ስቦ ተቀምጦ፣ ያንን ጥያቄ በአፉ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ለሕፃናት ልብ የሚገኘው በሽጉጥም በአዋጅም አይደለም። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በሚደረግ ንግግር ነው። መጽሐፉ ወደዚያ ክፍል ያስገባናል፤ ፊልሙ ግን ከበሩ ይመልሰናል።

ልቡ እየመታ

ለአማርኛ አንባቢ የመጽሐፉ ከባዱ ክፍል የአእምሮ ሞት የሚነገርበት ይመስለኛል፤ ምክንያቱ ቋንቋችን ነው። እኛ ሰው ሞተ ለማለት «ልቡ ቀጥ አለ» እንላለን። የምናስበውም በልባችን ነው። «ልብ አላልኩም» ስንል አላስተዋልኩም ማለታችን ነው፤ ማስተዋል የሌለው ሰው «ልበ ቢስ» ነው፤ ከሰው ሐሳብ የተወለደ ታሪክ እንኳ «ልብ ወለድ» ነው። አእምሮ የሚለው ቃል አለን፣ ኑሯችን ግን ልባችን ውስጥ ነው። ታዲያ ልቧ እየመታ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እጇ ሞቆ ያለችን ልጅ «ሞታለች» የሚል ሐኪም በእኛ ቋንቋ ምን ብሎ ነው የሚናገረው? አዲስ ቃል ሳይሆን አዲስ ስሜት ነው የሚያስፈልገው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ዓይን ላይ ብርሃን ይበራል፤ የዓይን ብሌን ይጠባል ወይ? የዓይኑ ገጽ ይነካል፤ ይርገበገባል ወይ? ጆሮ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ይገባል፤ ዓይን ይንቀሳቀሳል ወይ? ጉሮሮ ይነካል። ሕመም ይሰጣል። መጨረሻ ላይ የመተንፈሻ ማሽኑ ይለያል፤ ኦክስጅን እየገባ ደም ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር ሲጨምር ሰውነት ራሱ አንዲት ትንፋሽ ይስባል ወይ ተብሎ ይጠበቃል። እንግሊዝ ውስጥ ይህን ሁለት ሐኪሞች አብረው ያደርጉታል፣ ሁለት ጊዜ ይደግሙታል። በሕግ የሞት ሰዓት ሆኖ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ፈተና ያለቀበት ነው። የክላርክ ትልቁ ችሎታዋ እንዲህ ያለውን ነገር ሳታሳምር፣ ሳትጮህ፣ እርምጃ በእርምጃ መንገሯ ነው። ራሷ በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ሰዎችን የምታክም ሐኪም ናት፤ ዝምታ የት እንደሚያስፈልግ ታውቃለች።

ታሪኩም ረጅም ነው። የደቡብ አፍሪካው ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕታውን ውስጥ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ በታኅሣሥ 3 ቀን 1967 ካደረገ ሦስት ቀን በኋላ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ኤድሪያን ካንትሮዊትዝ ሳምንታት ብቻ ለሆነው ሕፃን ልብ ተክሎ ነበር። ሕፃኑ የቆየው ለሰዓታት ነው። በ1984 ካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ውስጥ ሊዮናርድ ቤይሊ የሚሆን የሕፃን ልብ በሌለበት የዝንጀሮ ልብ ለአንዲት ጨቅላ ተከለ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ኖረች። በዓመቱ እዚያው ሆስፒታል አራት ቀን ለሆነው ሕፃን የሌላ ሕፃን ልብ ተተከለለት፤ ይሄኛው ተሳካ። ሰው ወደ ዝንጀሮ የዞረው ቢላው አልቆርጥ ብሎት ሳይሆን ልብ ጠፍቶ ነው። ጥያቄው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይኸው ነበር።

ወረፋው

የምተዳደርበት ሥራ ኮድ መጻፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜዬን የሚበላው ደግሞ ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስን ነገር ነው። ስለዚህ «ዝርዝር» የሚለውን ቃል ፊልሙ ሲጠቀምበት ጆሮዬ ይቆማል። ጆን የሚጠይቀው ልብ አይደለም፤ የልጁ ስም እንዲገባ ነው። ይህ የፊልሙ ብልህ ነገር ነው። ግን ዝርዝሩን እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ያየዋል፤ ከገባህ ተራህ ይደርሳል።

የልብ ወረፋ እንዲያ አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት በሕመማቸው ክብደት በሦስት ደረጃ ይመደባሉ፤ የባሰበት ይቀድማል። ግን አንድ ልብ ሲገኝ ጥያቄው «ማን ቀደመ?» ብቻ አይደለም። ደሙ ይገጥማል? መጠኑ ይበቃል? ስንት ይርቃል? ልብ በበረዶ ተቀምጦ ከሰውነት ውጭ የሚቆየው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ አንደኛ የሆነው ልጅ ልቡ ትልቅ ስለሆነበት ሊያልፈው፣ አምስተኛው ሊወስደው ይችላል። ጨቅላዎች ላይ ደግሞ ሌላ ተአምር አለ፤ ሰውነታቸው የሌላውን ደም ገና መጥላት ስላልተማረ የደም ዓይነቱ ያልገጠመ ልብ መቀበል ይችላሉ። የቶሮንቶ ሐኪሞች ይህን በ2001 አሳይተዋል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ልብ የሚተከልላቸው ልጆች 500 ገደማ ናቸው። ለዚያ ትልቅ አገር ይህ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱም ሌላው ደስታ ነው። ብዙ ልጅ አይሞትምና።

ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ነጥቤን የያዘው። የጎደለው ነገር ዳቦ ቢሆን ብዙ እንዲጋገር እንመኛለን። እዚህ ግን ምኞቱ ራሱ አፍ ያሲዛል። ለልጇ ልብ እንዲመጣ የምትጸልይ እናት ምን እያለች ነው የምትጸልየው? የማንን ልጅ? ለእኔ የሚታየኝ መልስ ይህ ነው፤ ሞቱ እንዲመጣ አይጸለይም። ሞት እንደሆነ ይመጣል፤ የሚጸለየው በዚያ ሰዓት በዚያ ክፍል ያሉት ሰዎች «እሺ» እንዲሉ ነው። ልዩነቱ ቀጭን ይመስላል፤ አንድ እናት ግን በዚህ ልዩነት ላይ ቆማ ነው ሌሊቱን የምታነጋው። «ጆን ኪው» ለዴኒስ እንዲህ ያለች አንዲት ሌሊት ቢሰጣት ኖሮ ትልቅ ፊልም ይሆን ነበር።

ጭብጨባው ካለቀ በኋላ

ሌላው ውሸት መጨረሻው ነው። ማይክ ድኖ፣ አባቱ በፖሊስ መኪና ሲወሰድ እያየው ይለያያሉ። ልብ የሚሰብር መለያየት ነው። ግን ልብ ንቅለ ተከላ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። እኛ ሥራ ላይ «ጭነነው ጨርሰናል» የሚል ሰው ይሳቅበታል፤ እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ከጫኑት በኋላ ነው። ሰውነት አዲሱን ልብ እንደ ባዕድ ነው የሚያየው። ይህን ጠላትነት የሚያስታግስ መድኃኒት በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። መድኃኒቱ በበኩሉ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል። የአዲሱ ልብ ነርቮች ስለተቆረጡ ልጁ ሲሮጥ ልቡ ዘግይቶ ነው የሚፈጥነው። ደስ የሚለው ነገር የሕፃን ልብ ከተቀባዩ ጋር አብሮ ማደጉ ነው።

ዕድሜስ? ጨቅላ ሳሉ ከተተከለላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራሉ። በጎረምሳነት ከተተከለላቸው ግን ግማሹን የሚያደርሰው 15 ዓመት ገደማ ነው። አንዱ ምክንያት በደንብ የምናውቀው ነው፤ ጎረምሳ ነው። እንደ ጓደኞቹ መሆን ይፈልጋል፤ ኪኒኑን ይዘላል። ከዚያ ሁለተኛ ልብ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ጥያቄው እንደገና ይጀመራል። ማይክ ዛሬ የእኔ እኩያ ነው። ፊልሙ የተወው ቦታ ላይ ሆኖ የአንዲት ስሟን የማያውቃት ሴት ልብ ይዞ፣ ጠዋትና ማታ ኪኒን እየቆጠረ ነው። ያንን ፊልም ማን ይሥራልን?

መጽሐፉስ?

«የአንድ ልብ ታሪክ»ም እንከን የለሽ አይደለም። ክላርክ ቦታው ላይ አልነበረችም፤ ታሪኩን የገነባችው ከቤተሰቦቹና ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግራ ነው። በአብዛኛው ያስመሰግናታል። አንዳንዴ ግን ሁሉም ሐኪም ጻድቅ፣ ሁሉም ነርስ መልአክ ይሆንብኛል። የደከመ፣ የተሰላቸ፣ ቃል ያበላሸ ሰው የለም እንዴ? ደግሞ ታሪኩ የተመረጠው ስለተሳካ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች በኋላ ተገናኝተዋል፤ በተለመደው አሠራር ግን ሰጪና ተቀባይ አይተዋወቁም። እናት በማታውቀው ልጅ ደረት ላይ ስቴቶስኮፕ አድርጋ የልጇን ልብ የምታዳምጥበትን ዓይነት ቪዲዮ ሁላችንም አይተናል፤ አልቅሰን ለጓደኛ ልከናል። ለብዙዎቹ ሰጪ ቤተሰቦች ግን እንዲህ ያለ ቀን አይመጣም። ከተቀባዩ ስም የሌለው ደብዳቤ ቢደርሳቸው ነው፤ ላይደርሳቸውም ይችላል። ልብ ሳይደርስላቸው ያለፉትን ልጆች ታሪክ ደግሞ የሚያሳትም የለም።

ቢሆንም መጽሐፉ አንድ ነገር አድርጓል፤ ሁለቱን ልጆች እኩል አስቀምጧል። ኪራን ለማክስ መዳኛ የመጣች አደጋ አላደረጋትም። ከፈረሶቿ ጋር፣ ከእህቶቿ ጋር፣ ከነሳቋ ነው የምናገኛት። ስትሞት የምናጣው ሰው አለን። ማክስ ሲድን የምንደሰተውም ለዚህ ነው፤ ደስታው ዋጋ እንደተከፈለበት እናውቃለን።

«ጆን ኪው»ን አትዩት እያልኩ አይደለም፤ ዴንዘልን ማን ይከለክላል? ስታዩት ግን መጀመሪያ ላይ ያለችውን ሴት አትዝለሏት። ስም ስጧት። እናት ስጧት። ከዚያ ጆን ሽጉጡን ሲያወጣ፣ አገሩ ሁሉ ለልጁ ሲጮህ፣ በሌላ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የቆመችውን ያቺን እናት አስቧት። ቀርቦ የሚያናግራት ነርስ ምን እንደሚል፣ እሷም ምን እንደምትመልስ አስቡ። የልጁን ነፍስ ያተረፈው የእሷ መልስ ነው።